ያልተበላው ጠፍር

አንድ ጊዜ፣ ጨው ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣበት መንገድ ዳር፣ አያ ዳውላ የሚባል ሽማግሌ አህያ ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። የበኩር ልጁ አመዶ፣ ሁለተኛው ጫንያለው፣ የመጨረሻው ምትኩ ይባላሉ። ምትኩ ሲወለድ እናቱ በምጥ ስለሞተች ስሙን ያወጣለት አባቱ ራሱ ነው። «የሄደችውን በእሱ ተካልኝ» ብሎ እንባውንም ሳቁንም አንድ ላይ አወጣ።

የዚያ አገር አራዊት ሁሉ ጨው ይወዳሉ። ጨው የሚገኘው ግን ፀሐይ ድንጋዩን በምታነድበት ሩቅ በረሃ ነበር፤ ከዚያ ተሸክመው የሚያመጡትም አህዮች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ንጉሡ አንበሳ አራዊቱን ሰብስቦ፣ «የጨው አህያ የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» ብሎ አስማላቸው። ሁሉም ማሉ። አያ ጅቦም ማለ። ሲምል ግን ዓይኑ የአያ ዳውላ ሽንጥ ላይ ነበር፤ ምራቁም ጠብ ጠብ ይል ነበር። ይህን ያላየ አልነበረም፤ የረሳም አልነበረም።

የጨው ጉዞ መሪ አንገቱ ላይ በወፍራም የቆዳ ጠፍር የታሰረ ቃጭል ያደርጋል። ጉም ሲወርድ የኋላዎቹ ድምፁን ተከትለው ገደሉን ያልፋሉ። ቃጭሉ የአያ ዳውላ ነበር። በቤቱ አጠገብ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ያለበት ገላጣ ቦታ ነበረው፤ ማውረጃ ይሉታል። ከበረሃ ተመልሶ ጭነቱ ሲወርድለት፣ ውኃ ሳይጠጣ፣ ሣር ሳይነጭ፣ መጀመሪያ እዚያ ይሄድና በጀርባው ይንከባለላል። አራት እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ወዲያና ወዲህ ይገላበጥና፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ድረስ፣ «ተመስገን!» ይላል።

ልጆቹ እያቋረጡት ወደ ሣሩ ሲሮጡ ይቆጣቸዋል።

«ኧረ መጀመሪያ አመስግኑ! ሣሩ የት ይሄድባችኋል?»

ዘመን ሄደ፤ የአያ ዳውላ ጉልበት ዛለ። አንድ ቀን ልጆቹን ጠርቶ ቃጭሉን ከአንገቱ አወለቀና ለምትኩ አሰረለት። ምትኩ መንገድ የማይስት፣ ሲያወራ የሚያስቅ፣ አባቱን ሲያይ ጆሮው የሚቆም ልጅ ነበር። አያ ዳውላ ይወደዋል። መውደዱን ደግሞ መደበቅ አያውቅበትም።

«አባባ፣ በኩሩ እኔ መሆኔን ረስተውት ነው?» አለ አመዶ።

«ምን ቆርጦኝ እረሳለሁ ልጄ!»

«ታዲያ ይሄ ትናንት የተወለደ ውርንጭላ ከፊቴ ሊሄድ ነው? ጭራውን እያየሁ በረሃ ልወርድ?»

«ጭራው ምን አለበት? ያምራል እኮ» አለ አያ ዳውላ እየሳቀ።

ምትኩም ሳቀ። አመዶ ግን አልሳቀም። አመዶ ካልሳቀ የማይስቀው ጫንያለውም ዝም አለ። አያ ዳውላ ይህን ዝምታ እንደ ዋዛ አለፈው። በኋላ ስንት ጊዜ ወደዚያች ቅጽበት ተመልሶ እንዳሰባት እሱ ብቻ ያውቃል።

ሦስቱ ልጆች ወደ በረሃው ወረዱ። አባት ማውረጃው ዳር ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። የሚመለሱበት ወቅት ሲደርስ ጆሮውን ወደ መንገዱ አቅንቶ ቢያዳምጥ፣ ኮቴ ሰማ፤ ቃጭል ግን አልሰማም።

ከጉሙ ውስጥ አመዶና ጫንያለው ብቅ አሉ። ከኋላቸው እመት ቀበሮ ዓይኗን በጭራዋ እየጠረገች ትከተላለች። አመዶ በአፉ የያዘውን አባቱ እግር ሥር አስቀመጠ። ቃጭሉ ነበር፤ ከነጠፍሩ በደም ተለውሷል።

«መንገድ ላይ ያገኘነው ይሄን ነው» አለ አመዶ መሬት መሬት እያየ። «እስቲ ይዩት፤ የልጅዎ ቃጭል ነው ወይስ አይደለም?»

የልጅዎ አለ እንጂ የወንድሜ አላለም።

አያ ዳውላ አሸተተው። የደሙ ሽታ ሌላውን ሽታ ሁሉ ሸፍኖታል። እመት ቀበሮ ጠጋ አለችና፣ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ አልልም፤ ኃጢአት ነው» አለች። «ብቻ በዚያ ቀን ከአያ ጅቦ ዋሻ በኩል ሳቅ ሰምቻለሁ። የጠገበ ሳቅ ነበር። ከዚህ በላይ ባልናገር ይሻለኛል።»

በቅዱስ መጽሐፍ የልጁን ቀሚስ በደም ተነክሮ ያየው ሽማግሌ እንዳለቀሰ፣ አያ ዳውላም አለቀሰ። ልጆቹ ሊያጽናኑት ግራና ቀኝ ቆሙ፤ አልሰማቸውም። ጨዋቸው ሲወርድ እንደ ልማዱ፣ «አመስግኑ!» ብሎ አልተቆጣቸውም። እሱም ከዚያ ቀን በኋላ ማውረጃውን አልረገጠም።

ንጉሡ አንበሳ አያ ጅቦን አስጠራ። አራዊቱ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ፤ ጦጣ ደግሞ ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የጨው አህያ በልተሃል ወይስ አልበላህም?» አለ አንበሳ።

«መቼ ጃንሆይ?»

«ሰሞኑን ነዋ!»

አያ ጅቦ ጭንቅላቱን አዘንብሎ አሰበ። «ሰሞኑን… አንድ የበሬ ቀንድ በልቻለሁ። አንድ ጅራትም ነበር፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከመንገደኛ የወደቀ ጫማም በልቻለሁ፤ ከነማሰሪያው። በጣም ግሩም ነበር።»

«አህያስ?»

«አህያ ብበላማ ሆዴ አሁን እንዲህ ይጮህ ነበር?»

«ሆድህ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!» አለች ጦጣ፤ አራዊቱ ሳቁ።

«እሺ፣ ማን አየኝ?» አለ አያ ጅቦ። «አየሁ የሚል ይምጣ!»

እመት ቀበሮ በለሰለሰ ድምፅ መለሰች። «አያ ጅቦ፣ ወንድሜ፣ ማየት ምን ያደርጋል? አንተን እኮ ሁላችንም እናውቅሃለን።»

አራዊቱ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ማስረጃ የጠየቀ የለም። ደም ያለበት ቃጭል ከነጠፍሩ በሁሉም ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ቀርቦ ያገላበጠው ግን አልነበረም። አንበሳ ፈረደ። አያ ጅቦ ከወንዙ ማዶ፣ ድንጋይ እንጂ ምንም ወደማይበቅልበት ምድር ተባረረ። ጭራውን በእግሮቹ መሃል ቀብሮ ሲሄድ እየዞረ፣ «አልበላሁም እኮ! በእውነት አልበላሁም!» ይል ነበር። እመት ቀበሮ ከጥቂት ቀን በኋላ ልጆቿን ይዛ ዋሻው ውስጥ ገባች። «ባዶ ቤት ይፈርሳል ብዬ ነው» አለች ለጠየቃት።

አያ ዳውላ ፍርዱን ሲሰማ ቀና አላለም። «ልጄን አይመልስልኝ» አለና ቃጭሉን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ክረምትና በጋ ተፈራረቁ። አያ ዳውላ ቃጭሉን ደጁ ካለው ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ይውላል። ነፋስ ሲነካው ጆሮው ይቆማል፤ ከዚያ ይወድቃል። አመዶና ጫንያለው ጨው ያመጣሉ፤ ማውረጃው ላይ ቶሎ ተንከባልለው ቶሎ ይነሳሉ፤ ምስጋናቸውም ከአፋቸው አይወጣም። ጫንያለው በተለይ ወደ ቃጭሉ ማየት አይችልም፤ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። አያ ዳውላ ይህን ያይና፣ «ወንድሙን እንዴት ይወደው ነበር! ይህን የመሰለ ልጅ ስላለኝም ደግ ነው» ይላል። በዚያ ሁሉ ዘመን የቀረችው ምስጋና ይህች ብቻ ነበረች። እሷም ያለ ቦታዋ የገባች ነበረች።

አንድ ጉም የበዛበት ማለዳ ልጆቹ ለግጦሽ እንደወጡ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ። አጥንቱ ብቻ የቀረ፣ ጆሮው የተቀደደ ጅብ ብቅ አለ።

«አያ ዳውላ፣ እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣለትም። «ልትበላኝ ነው የመጣኸው?» አለው።

አያ ጅቦ አፈረ። «እ… አዎ። ይቅርታ አድርግልኝ። መሐላውን ረስቼ አይደለም። ግን ያልበላሁትን በልተሃል ተብዬ ከምባረር፣ ለምን አንዴ በልቼ አልባረርም ብዬ አሰብኩ።»

አያ ዳውላ ከተኛበት አልተነሳም። «ና ብላኝ። አልሮጥብህም። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄን ባስቀመጥክበት ሆድ ውስጥ፣ ከእሱ አጠገብ አድርገኝ።»

አያ ጅቦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ያለ ልመና ሰምቶ አያውቅም። «እኔ ጋ የለም እኮ!» አለ። «ሆዴ ውስጥ ማንም የለም! እየው፣ አዳምጠው!»

ሆዱ በእርግጥም እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ይህን ሲል ደግሞ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሳ። አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

«ይሄ የሚሸተኝ… ጠፍር ነው!»

አያ ዳውላ ሳያስበው አያ ጅቦ ዘሎ ቃጭሉን ከቅርንጫፉ አወረደና ጠፍሩን ያኝክ ጀመር። እኩሌታውን ወዲያውኑ ዋጠው።

«ተው!» ብሎ አያ ዳውላ በዛለ ጉልበቱ ብድግ አለ። «ተው አንተ አውሬ! የልጄ ማስታወሻ ነው!»

«ይቅርታ! ይቅርታ!» አለ አያ ጅቦ አፉ ሞልቶ። «ጠፍር ሳይ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሥጋውንስ ለነገ ልተው እችላለሁ፤ ጠፍር ግን አስተርፌ አላውቅም።»

አያ ዳውላ በተቀደደው ጠፍር ላይ ሊያለቅስ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ጆሮዎቹ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ምን አልክ?»

«ይቅርታ አልኩ።»

«ከዚያ በኋላ!»

«ጠፍር አስተርፌ አላውቅም አልኩ። የደረቀም ቢሆን፣ የሸተተም ቢሆን፣ ደም የነካው ከሆነማ…»

«ደም የነካው ከሆነማ ምን?»

«አያድርስ ነው! እሱንማ ከሥጋው በፊት ነው የምበላው።»

አያ ዳውላ የቀረውን ጠፍር በአፉ አንስቶ ለጅቡ አሳየው። «ይሄ ጠፍር ደም ነክቶት ነበር። ያኔ አንድም የጥርስ ምልክት አልነበረበትም። ልጄን በልተኸው ቢሆን ኖሮ…»

አያ ጅቦ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ማሰብ ይከብደዋል፤ ግንባሩ ተኮማተረ፤ በመጨረሻ ዓይኑ በራ። «ታዲያ እኔ አልበላሁትም ማለት ነው!»

«አንተ ራስህ አልበላሁም ስትል አልነበረም እንዴ?»

«ስል ነበር። ግን ሁሉም በልተሃል ሲሉኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳስበው፣ እኔም እየተጠራጠርኩ መጥቼ ነበር» አለና አያ ጅቦ ቁጭ ብሎ እንደ ቡችላ አለቀሰ።

ልጆቹ ከግጦሽ ሲመለሱ ጅብ አባታቸው አጠገብ ተቀምጦ አዩና ደነገጡ። አያ ዳውላ አልጮኸም። ሁለተኛውን ልጁን ጠራው።

«ጫንያለው፣ ልጄ፣ ጅብ ጠፍር እንደሚበላ ታውቅ ነበር?»

ጫንያለው ዓይኑ ፈጠጠ። «ጠፍር ይበላል እንዴ? እኛ ሣር የምንበላ፣ በምን እናውቃለን! ብናውቅማ መቼ ከነጠፍሩ…»

«ዝም በል አንተ!» አለ አመዶ።

ግን ቃሉ ወጥቷል። ጫንያለው አባቱ እግር ሥር ተደፋና ለዓመታት የተሸከመውን አወረደ። ምትኩን በበረሃ ለሚያልፉ ግመሎች ውኃ ተሸካሚ እንዲሆናቸው ሰጥተውታል። ምክሩ የእመት ቀበሮ ነበር፤ ዋሻውን ስለምትፈልግ ጅቡን የሚያስባርር ነገር ስትፈልግ ቆይታለች። ደሙም እሷ የበላችው ቆቅ ደም ነው።

አያ ዳውላ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በሕይወት አለ?»

«ስንለየው ነበረ» አለ አመዶ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረና፣ «አባባ፣ እኔ…» ሲል አባቱ አቋረጠው።

«ማውረጃውን ጥረግ» አለው። «ዳር ዳሩን ሣር በቅሎበታል። ስመለስ ንጹሕ ሆኖ ላግኘው።»

ቃጭሉን በጥርሱ ነክሶ መንገድ ሲጀምር አያ ጅቦ ከኋላው ዱብ ዱብ እያለ ተከተለው። «እኔም እመጣለሁ» አለ። «ብቻህን ብትሄድ ጅብ ይበላሃል።»

ሽማግሌውና ረሃብተኛው አብረው ወደ በረሃው ወረዱ። አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ሆዱን እየታገለ ሄዱ። አያ ጅቦ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ወደ አያ ዳውላ ሽንጥ ይሄድበታል፤ ያኔ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞርና ስለ ጫማ ያወራል። ጉድጓዶቹ ጋ ሲደርሱ የግመል መንጋ ውኃ ሲጠጣ አገኙ። አያ ዳውላ ራሱን እየነቀነቀ ቃጭሉን አንቃጨለ።

ከጉድጓዱ ማዶ አንድ አህያ ውኃውን ከነስልቻው ጥሎ አናፋ።

ምትኩ አድጓል። ትከሻው በስልቻ ማሰሪያ ተልጧል፤ ጆሮው ግን አባቱን ሲያይ እንደ ድሮው ቆመ።

«አባባ! በዚህ ጉልበትዎ እስከዚህ?»

«ጉልበቴ ምን ሆነ? ይኸው አደረሰኝ። ልጄ፣ ሞቷል ብለውኝ ነው። አለ ቢሉኝ በማግሥቱ እመጣ ነበር።»

ምትኩ የተላጠ ትከሻውን አየ። «ለእኔ ደግሞ የሰጡኝ እርስዎ እንደሆኑ ነው የነገሩኝ። አባታችንን ሰልችተኸዋል አሉኝ።»

አያ ዳውላ የሞቱን ወሬ ሲሰማ ያላሰማውን ጩኸት ያን ጊዜ አሰማ። ልጁ እሱን እንዲህ እያሰበ እነዚያን ሁሉ ቀናት ውኃ ተሸክሟል! «እና አመንካቸው?» አለ እያለቀሰ።

«ቀን ቀን አምናለሁ» አለ ምትኩ አንገቱን በአባቱ አንገት ላይ ጥሎ። «ሲመሽ ግን ቃጭሉን ያሰሩልኝ ቀን የሳቁት ሳቅ ትዝ ይለኝና፣ አይ፣ አባባ አይሰጠኝም እላለሁ።»

የግመሎቹ ሽማግሌ እያመነዠገ መጣ። «አባት እንዳለው አልነገሩንም። ወላጅ የሞተበት ነው ብለው ነው የሰጡን። ውሰድ ልጅህን፤ ያገለገለንንም እናመሰግናለን» አለ። ከዚያ ወደ ጎን አየ። «ይሄስ?»

«ወዳጄ ነው» አለ አያ ዳውላ።

ግመሉ ጅቡን አየ፣ አህያውን አየ፣ ብዙ አመነዠገ።

ምትኩ በሞቀው አሸዋ ላይ ሊንከባለል ሲል አባቱ ከለከለው። «እዚህ አይደለም። ቤታችን።»

ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበርና አራዊቱ ሁሉ ማውረጃው ዙሪያ ተሰብስበው ጠበቋቸው። ቦታው እንደ አዲስ ተጠርጓል። አመዶ ራሱን ደፍቶ ዳር ቆሟል። ምትኩ ወደ እሱ ሄደ።

«ወንድሜ፣ ጭራዬን ማየት ካስጠላህ ከፊት መሄድ ትችል ነበር እኮ» አለው።

አመዶ አለቀሰ። «ይቅር በለኝ።»

«እልሃለሁ። ቀስ ብዬ ነው ግን፤ ትከሻዬ ገና አልዳነም። አሁን መጀመሪያ ልንከባለል።»

በዚህ መካከል ንጉሡ አንበሳ ጎፈሩን አራገፈና ወደ ፊት ወጣ። እመት ቀበሮን አስፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን ወሬውን እንደሰማች በዋሻው የኋላ ቀዳዳ ልጆቿን ይዛ ጠፍታለች። «አያ ጅቦ» አለ አንበሳ በታላቅ ድምፅ፣ «ዛሬ የደስታ ቀን ስለሆነ ምሬሃለሁ!»

አራዊቱ አጨበጨቡ። አያ ጅቦም ሊሰግድ ጎንበስ ሲል አያ ዳውላ በጥርሱ ጆሮውን ይዞ ቀና አደረገው።

«ጃንሆይ፣ የሚማረው ያጠፋ ነው» አለ። «ይሄ ምን አጠፋ?»

ጭብጨባው ቆመ። አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ደመናውን አየ። ከዚያ ቅርብ የነበሩት ብቻ በሚሰሙት ድምፅ፣ «ተሳስተን ነበር» አለ። ጦጣ ከዛፏ ላይ፣ «አልሰማንም!» ብላ ጮኸች። አንበሳ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ጮክ ብሎ፣ «ተሳስተን ነበር!» አለ።

አያ ዳውላ ወደ ጅቡ ዞረ። «እኔም ያን ቀን ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ። ሐዘኔ ውስጥ አንተን ረሳሁህ። ስትባረር ዝም አልኩ። ይቅርታውን ለእኔ አንተ አድርግልኝ፤ ልጄን ስለመለስክልኝም አመሰግንሃለሁ።»

አያ ጅቦን ይቅርታ ጠይቆት የሚያውቅ የለም፤ አመስግኖትም የሚያውቅ የለም። እግሩን አፈራረቀ፤ አፍንጫውን ጠረገ፤ በመጨረሻ በቀስታ፣ «ያ የተረፈው ጠፍር… ትፈልገዋለህ?» አለ።

አያ ዳውላ ሳቀ። ጠፍሩን ከቃጭሉ ፈትቶ ሰጠው። ልጄ ብሎ ሲያለቅስበት የኖረውን ማስታወሻ ጅቡ ዓይኑን ጨፍኖ እያጣጣመ ሲበላው፣ አያ ዳውላ ደስ ብሎት ተመለከተው። ከዚያ በዛለ ጉልበቱ ወደ ማውረጃው ገባና በጀርባው ወደቀ። ምትኩ ከጎኑ ወደቀ። ጫንያለው ተከተለ። አመዶም ፈራ ተባ እያለ ገባ። አያ ጅቦ የእነሱን አይቶ ሲገለበጥ አቧራው አፍንጫው ውስጥ ገብቶ አስነጠሰው። እግሮች ሁሉ ወደ ሰማይ ተሰቀሉ፤ ሽማግሌው አህያም ለዓመታት ጉሮሮው ውስጥ የታሰረውን ቃል ሸለቆው እስኪያስተጋባ ድረስ ለቀቀው፦

«ተመስገን!»

ቃጭሉ ከዚያ ወዲያ ለብቻው ለማንም አልተሰጠም። በሣር ገመድ ታስሮ ጉዞውን በየተራ የሚመራው ያጠልቀዋል፤ የሣር ገመድ የሆነበትን ምክንያት ደግሞ አያ ጅቦ ሲያልፍ ሁሉም እየሳቀ ያስታውሰዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንወደው ሲጠፋብን ስሙ የከፋውን ከመወንጀላችን በፊት ፊታችን የተቀመጠውን ማስረጃ ማገላበጥ እንደሚገባን፣ የጠፋው ሲመለስልንም ከምስጋናችን እኩሌታው በሐሰት ለተበደለው የሚገባ መሆኑን ነው።